‘ሀ’ ምን ዓይነት ቀለም አለው?

ቢሾፍቱ ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ የሱቆቹን ሰሌዳ የሚያነብ ሰው አንዱን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጽፎ ያገኘዋል፤ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በአማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ። ለአብዛኞቻችን ፊደሎቹ ጸሐፊው ከቀባቸው ሌላ ቀለም የላቸውም። ጥቂት ሰዎች ግን ከዚያ በላይ ያያሉ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ቢጻፍም ለአንዱ ‘በ’ ቡናማ፣ ‘ሸ’ የሎሚ ቢጫ፣ ‘ተ’ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ማንም አላስተማረውም፣ እሱም አልመረጠውም፤ ልተወው ቢል እንኳ አይተወውም።

ይህ የአእምሮ ጠባይ በሳይንሱ ሲነስቴዢያ ይባላል። አንዱ የስሜት ሕዋስ ሲነካ ያልተነካው ሌላው አብሮ ይነሣል። ተመራማሪዎች እስካሁን ከ60 በላይ ዓይነቱን መዝግበዋል። ሙዚቃ ሲሰሙ ቀለምና ቅርፅ የሚታያቸው አሉ። ሰኞን ቀይ፣ ሐሙስን አረንጓዴ አድርገው የሚያውቁ አሉ። የዓመቱ ወራት በዙሪያቸው እንደ ቀለበት ተዘርግተው የሚታዩአቸውና እያንዳንዱ ወር የት እንደሚቀመጥ በጣታቸው የሚያሳዩም አሉ። እንግሊዛዊው ጄምስ ዋነርተን ደግሞ ቃል በሰማ ቁጥር ምላሱ ላይ ጣዕም ይመጣበታል፤ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች በየስማቸው ጣዕም ካርታ ሠርቶላቸዋል።

ሁላችንም «ወፍራም ድምፅ»፣ «ጣፋጭ ዜማ»፣ «ሞቅ ያለ ቀለም» እንላለን። ይህ የአነጋገር ለዛ ነው፤ ዜማው ጣፈጠን ስንል አፋችን ውስጥ የገባ ስኳር የለም። ሲነስቴዢያ ያለው ሰው ግን የሚናገረው በእርግጥ ስለሚሰማው ነገር ነው። የሚሰማውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ዛሬ ቡናማ የሆነው ‘በ’ ከአሥር ዓመት በኋላም ቡናማ ነው። ለአንዳንዶች ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንደተቀባ ሆኖ ይታያል። ለብዙዎቹ ግን የሚታየው በሐሳብ ውስጥ ነው፤ ፊደሉ ጥቁር መሆኑን እያዩ ቡናማ መሆኑን ያውቃሉ።

እውነት መሆኑ በምን ታወቀ?

ስለዚህ ጠባይ መጀመሪያ የጻፈው ጊዮርግ ሳክስ የተባለ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 በጀርመን ኤርላንገን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደላትና ቁጥሮች ለእሱ ቀለም እንዳላቸው ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ የሆነው ፍራንሲስ ጋልተን ቁጥሮችን በቀለምና በቦታ የሚያዩ ሰዎችን ምስክርነት አሰባስቦ አሳተመ፤ ጠባዩ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚተላለፍም አስተዋለ። ቆይቶ ግን ሳይንሱ ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ ችላ አለው። ሰው «አምስት ቁጥር አረንጓዴ ነው» ቢል እውነቱን ይሁን፣ ፈጥሮት ይሁን፣ ከየት ይታወቃል?

መልሱ የተገኘው ከቀላል ፈተና ነው። የእንግሊዙ ተመራማሪ ሳይመን ባረን ኮኸንና ባልደረቦቹ ሲነስቴዢያ አለን ላሉ ሰዎች የቃላት ዝርዝር እያነበቡ የእያንዳንዱን ቀለም ጠየቁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሳያስጠነቅቁ ያንኑ ዝርዝር መልሰው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ውጤት መሠረት ሰዎቹ 92 በመቶ ያህሉን ልክ እንደ መጀመሪያው መለሱ። ጠባዩ የሌላቸው ሰዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ ብቻ ተጠይቀው የደገሙት 38 በመቶ ያህሉን ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት በሽምደዳ ማምጣት አይቻልም።

ሌላም መንገድ አለ። ለአንድ ሰው 5 አረንጓዴ ከሆነ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ 5 አሳይተው «የተጻፈበትን ቀለም ቶሎ ተናገር» ሲሉት ለቅጽበት ይደናቀፋል። አረንጓዴው ሳይጠራ መጥቶ መንገድ ይዘጋበታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጁሊያ ሲምነርና ባልደረቦቿ ስኮትላንድ ውስጥ 500 ሰዎችን ማንንም ሳይመርጡ ፈተኑ። ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ፣ ማለትም 4.4 በመቶው፣ አንድ ዓይነት ሲነስቴዢያ ተገኘባቸው። በብዛት የታየው የሳምንቱን ቀናት ከቀለም ጋር ማያያዝ ነበር። የፊደልና የቁጥር ቀለም ያላቸው ከመቶ አንድ ሰው ያህል ናቸው። ይህ መጠን ለእኛም የሚሠራ ከሆነ 50 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ በአማካይ ሁለት ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው።

ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሆናል?

ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከውሃው መልክ ነው። መልኩን የሚሰጡት ስፓይሩሊና የሚባሉት ደቂቅ ሕያዋን ናቸው፤ ከፀሐይ ብርሃን የሚፈልጉትን ወስደው አረንጓዴውን ይመልሱታል። ቀለሙ ከውጭ ወደ ዓይን ስለሚመጣ ዳር የቆመ ሁሉ አንድ ነገር ያያል። በጥቁር የተጻፈ 7 ግን አረንጓዴ ብርሃን አይልክም። ለአንዱ ሰው አረንጓዴ የሆነው አእምሮው ራሱ ቀለሙን ስለሚሠራው ነው።

እንዴት ይሠራዋል? ከጆሮ ጀርባ በታችኛው የአንጎል ክፍል ፊደልና ቁጥር የሚለይ ቦታ አለ። ቀለም የሚለየው ቦታ ከእሱ ጎን ነው። ቪላያኑር ራማቻንድራንና ኤድዋርድ ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ጉርብትና ይነሣል፦ ግድግዳው የሳሳ ሁለት ጎረቤት ቤት ካለ የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው ቤት እንደሚሰማ ሁሉ፣ የፊደሉ ክፍል ሲነቃ የቀለሙም ክፍል አብሮ ይነቃል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ትስስሩ በሁላችንም ውስጥ እንዳለ፣ ልዩነቱ እሱን የሚያፍነው ኃይል መላላቱ ላይ እንደሆነ ይከራከራሉ። በአንጎል ምስል የተገኙት ማስረጃዎች እርስ በርስ ስለማይስማሙ ክርክሩ አልተዘጋም።

የዘር ጉዳይ መሆኑ ግን እየጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠባዩ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍባቸው ሦስት ቤተሰቦች ዘረ መል ተመረመረ። ለሁሉም የጋራ የሆነ አንድ ዘረ መል አልተገኘም። በየቤተሰቡ የታዩት ለውጦች ግን የነርቭ ሴሎች በልጅነት እርስ በርስ የሚገናኙበትን ጭራ ከሚያሳድጉ ዘረ መሎች ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ዘር የሚያወርሰው ዝንባሌውን ነው። ‘ለ’ ሐምራዊ ይሁን ብርቱካናማ የሚወስነው ሕይወት ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከአሜሪካ ልጆች መጫወቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፉ ባለ ቀለም የማግኔት ፊደላት በብዙ ቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ6,500 በላይ ሲነስቴቶች፣ ማለትም ሲነስቴዢያ ያላቸው ሰዎች፣ ሲጠኑ ከመቶ ስድስቱ የፊደሎቻቸው ቀለም ከዚያ መጫወቻ ጋር የገጠመ ሆኖ ተገኘ። መጫወቻው በገነነበት ዘመን በተወለዱት ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ 15 ገደማ ደረሰ።

በልጅነት ያየነው ሁሉ ግን እንዲሁ አይታተምም። ሲምነር ልጆችን ለዓመታት ስትከታተል የስድስትና የሰባት ዓመት ሲነስቴት ልጅ ከፊደሎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ የጸና ቀለም እንዳላቸው አየች። ልጆቹ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆኑት ጸንተዋል። ቀለሙ ፊደል ከመቁጠር ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

ሌላ አስደናቂ ነገርም አለ። በእንግሊዝኛ፣ በደች፣ በስፓኒሽ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ ተናጋሪ ሲነስቴቶች ላይ የተደረገ ጥናት የፊደል ገበታው መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ወደ ቀይ እንደሚያደላ አሳይቷል። የአምስቱ ቋንቋዎች የመጀመሪያ ፊደሎች ሁሉ በመልክም በድምፅም አንድ አይደሉም፤ የሚያስተሳስራቸው ገበታውን መምራታቸው ነው። ታዲያ የእኛ ገበታ የሚከፈተው በ‘ሀ’ ነው። የእኛም ‘ሀ’ ወደ ቀይ ያደላ ይሆን? ወይስ በብራና መጻሕፍታችን በቀይ ቀለም የሚጻፉት የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች ቀዩን ወደ ሌላ ፊደል ይስቡት ይሆን?

ሁለት ፊደል የምታነብ ከተማ

የግዕዝ ፊደል ለዚህ ሳይንስ ሌላ ፊደል በቀላሉ የማይሰጠውን ዕድል ይሰጣል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቅርፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ያው አንድ ግንድ ናቸው፤ እግራቸው ወይም ወገባቸው ጥቂት ይለወጣል። ለሲነስቴት ሰባቱም የአንድ ቀለም ደማቅና ፈዛዛ ይሆናሉ? ወይስ ካዕብ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ሣልስ ሁሉ ሌላ ቀለም ይይዛል?

ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ነው። ጃፓኖች ሂራጋናና ካታካና በሚባሉ ሁለት ፊደሎች አንዱን ድምፅ በሁለት መልክ ይጽፋሉ፤ እዚያ የተጠኑት ሲነስቴቶች ድምፁ አንድ ከሆነ ለሁለቱም መልክ የሚያዩት ቀለም ያው ነው። የእኛ ሦስቱ ‘ሀ’ዎችም አንድ ቀለም ይጋሩ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቢሾፍቱና መሰሎቿ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጉዳዩን ይበልጥ ጥልቅ ያደርጉታል። በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአፋን ኦሮሞ ይፋዊ ጽሕፈት በመሆኑ ብዙ ልጅ ሁለቱን ፊደል ይዞ ያድጋል። ሩሲያኛ የተማሩ የእንግሊዝኛ አንባቢ ሲነስቴቶች ሲጠኑ አዲሱ ፊደል ቀለሙን ከድሮው ሲወርስ ታይቷል፤ አንዳንዱ በመልክ ከሚመስለው፣ አንዳንዱ በድምፅ ከሚመስለው። አሁን ‘ሀ’ን እንይ። ድምፁ የላቲኑ ኤች ነው፤ መልኩ ግን ዩን ይመስላል። ኤችን በመልክ የሚቀርበው ‘ዘ’ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ ሲነስቴት ልጅ ኤችን ከ‘ሀ’ ጋር አንድ ቀለም ካያት ድምፅ አሸንፏል፤ ከ‘ዘ’ ጋር አንድ ካያት መልክ አሸንፏል። ‘ፐ’ም እንዲሁ ናት፤ በመልክ ቲ፣ በድምፅ ፒ። የከተማዋ ስም ራሱ በግዕዝ ፊደል አራት ሆሄ፣ በቁቤ አሥር ነው። ‘ሾ’ በእኛ አንድ ስትሆን በቁቤ ከኤስ፣ ከኤችና ከሁለት ኦ ትሠራለች። አንድ ሕፃን ያንኑ ስም በአራት ቀለምና፣ ኦና ዩ ስለሚደገሙ፣ በስምንት ቀለም ሊያነበው ይችላል።

አብሮ መኖር

ሲነስቴዢያ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አያሻውም። ብዙዎቹ ጠባዩ ያለባቸው ሰዎች ሌላው ሰው እንደማያይ የሚያውቁት ካደጉ በኋላ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ቭላዲሚር ናቦኮቭ በልጅነቱ የእንጨት ፊደሎቹ ቀለም ሁሉ ስህተት እንደሆነ ለእናቱ ሲነግራት እናቱ አልተደናገጠችም፤ እሷም ቀለም የምታይ ነበረች። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪየ መሲያን በዜማው ውስጥ የሚያየውን ቀለም በጽሑፍ ያሰፍር ነበር።

ጥቅም አለው። ስልክ ቁጥር የቀለም ሰልፍ ሆኖ ይታወሳል፤ የተሳሳተ ቁጥር ቀለሙ ስለማይገጥም ቶሎ ይለያል። ሸክምም አለው። ድምፅ ቅርፅ ሆኖ ለሚታየው ሰው ከቢሾፍቱ አየር ኃይል የሚነሣ የጄት ጩኸት ወይም የሞቀ የገበያ ቀን ዓይንንም ያደክማል። የሞስኮው ጋዜጠኛ ሰለሞን ሸረሸቭስኪ የሰማውን ሁሉ በቀለምና በምስል ስለሚይዝ የሚደነቅ ትዝታ ነበረው፤ ያው የምስል ጎርፍ ግን ተራ ጽሑፍ አንብቦ ሐሳቡን መከተል አስቸግሮታል። ቁጥሮች ሁሉ በተለያየ ቀለም የታተሙበት መጽሐፍ የተሰጠው ሲነስቴት ልጅም ሒሳቡ ሳይከብደው ቀለሙ ሊያደናግረው ይችላል።

ስለዚህ ልጅ «እማዬ፣ ሰባት እኮ አረንጓዴ ናት» ቢል ወላጅ ሊቆጣው ወይም ሊሥቅበት አይገባም። ቅዠት አይደለም፤ ውሸትም አይደለም። «ስምንትስ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ ከተሣቀበት ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሆንኩት ብሎ ያድጋል። ሐኪም የሚያሻው ነገሩ በአዋቂነት በድንገት ሲጀምር፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሲመጣ፣ ወይም ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከሚጥል በሽታ ምልክትና ከዕይታ መቀነስ ጋር አብሮ ሲታይ ነው።

መምህር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችላል። 33ቱን ፊደላት በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል በጥቁር ጽፎ እያንዳንዱ ምን ቀለም እንዳለው ይጠይቅ፤ «የለውም» ማለትም መልስ መሆኑን ለልጆቹ ይንገር። ወረቀቱን ያስቀምጥ። ከሦስት ወር በኋላ ሳያስጠነቅቅ ይድገመው፤ ቁቤውንም ይጨምርበት። ሁለቱን ወረቀት ሲያስተያይ መልሱ ከፊደል ፊደል የገጠመለት ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ ስለ አእምሮና ስለ ፊደል የሚነግረን ነገር አለው። ላቦራቶሪና ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከመምህራኑ ጋር ቢይዙት የግዕዝ ፊደልን ለዓለም ሳይንስ ምስክር ማድረግ ይችላሉ። ሁለት ፊደል የሚያነቡት ልጆች ቢሾፍቱም፣ ሞጆም፣ አዳማም አሉ፤ የሚቀረው ቀርቦ መጠየቅ ነው።