ጉልበት በምን ይጸናል?

አማርኛችን አንድን ቃል ለሁለት ነገር ሰጥቶታል። ጉልበት ሲል ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትን የእግር መታጠፊያ ይጠራበታል፤ ደግሞም ኀይልንና ብርታትን ይገልጽበታል። በግዕዝ ጉልበት ብርክ ይባላል፤ መንበርከክ የሚለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። የፈራ ሰው ብርክ ያዘው ይባላል፤ ልጅም የአባቱ የአብራክ ክፋይ ተብሎ ይጠራል። አበው ለአንድ መገጣጠሚያ ይህን ያህል ክብር መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆመን የምንሠራው፥ ተንበርክከን የምንጸልየው፥ ተቀምጠን የምንነሣው በእርሱ ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ጉልበት በምን ተይዞ እንደሚቆም የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ባለማወቃችንም በራሳችንና በልጆቻችን ላይ ጉዳት እናደርሳለን። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን የሠራነውን ስሕተት እናስቀድማለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ኳስ ሲጫወቱ ቆመን እንመለከት ነበር። አንድ የ16 ዓመት ተማሪ እየሮጠ ሳለ በድንገት ቆሞ ወደ ጎን ሊዞር ሲል ወደቀ። የገፋው ሰው አልነበረም። ቀርበን ብንጠይቀው፥ «መምህር፥ ጉልበቴ ውስጥ ቋ ሲል ሰማሁ» አለን። እኛም ጭኑንና ቅልጥሙን ዳስሰን የተሰበረ አጥንት ስላላገኘን፥ «አይዞህ ልጄ፥ አጥንትህ ደኅና ነው፤ ተነሥና እየተራመድህ አፍታታው» አልነው። ልጁም እያነከሰ ታዘዘ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልበቱ አበጠ። በማግሥቱ አያቱ ወደ ወጌሻ ወሰዱት፤ ታሸ፥ ተጎተተም። ከአንድ ወር በኋላ እብጠቱ ሲጠፋ አያቱ በመንገድ አግኝተውን፥ «የኔታ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጄ ድኖልኛል» አሉን። እኛም ደስ ብሎን ወደ ጨዋታው እንዲመለስ ፈቀድን። ልጁ ግን ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳው ነበር፤ አፍሮ ለማንም አልተናገረም። በሦስተኛው ወር በጨዋታ ላይ እንደ ገና ወደቀ። በዚህ ጊዜ ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ቀርቶ አልዘረጋ አለ።

ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ራጅ ቢነሣ ስብራት አልተገኘበትም። ሐኪሙ ግን ጉልበቱን በእጁ መርምሮ፥ ኋላም ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ አይቶ፥ በጉልበቱ ውስጥ ያለው አንድ ዋና ጅማት እንደ ተበጠሰና ልም አጥንቱም እንደ ተቀደደ ነገረን። «የጅማቱ መበጠስ አደጋ ነው፤ የልም አጥንቱ መቀደድ ግን ሊቀር ይችል ነበር» አለን። ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም።

«አጥንትህ ደኅና ነው» ያልነው ሐሰት አልነበረም። የተሳሳትነው ጉልበት በአጥንት የሚጸና ስለ መሰለን ነው። ጉልበት ግን በአጥንት አይጸናም። ነገሩን በተራ እንመልከተው።

በጉልበት የሚገናኙት አጥንቶች ሦስት ናቸው። ከላይ የጭን አጥንት፥ ከታች ዋናው የቅልጥም አጥንት፥ ከፊት ደግሞ የጉልበት ሎሚ የምንለው ክብ አጥንት ነው። በቅልጥም ውጭ በኩል ያለው ቀጭን አጥንት ከመገጣጠሚያው ውስጥ አይገባም። በዳሌ የጭን አጥንት ራስ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ፥ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አጥንቱ ራሱ አጥንቱን ይይዘዋል። የጉልበት ነገር እንዲህ አይደለም። የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ ሁለት ድቡልቡል ጕብታዎች ሲኖሩት፥ እነርሱ የሚያርፉበት የቅልጥም ራስ ጠፍጣፋ ለመባል ጥቂት የቀረው ነው። አጥንቶቹ ብቻቸውን ቢደራረቡ፥ ታቹ ድቡልቡል የሆነ እንስራ በደልዳላ መሬት ላይ እንደሚንከባለል ይንከባለላሉ እንጂ አንዱ አንዱን አይዝም።

እናቶቻችን እንስራው እንዳይንከባለል ምን ያደርጋሉ? ከሥሩ ማቶት ያስቀምጡለታል። በጉልበትም ውስጥ እንደ ማቶት ያሉ ሁለት ልም አጥንቶች አሉ፤ አንዱ በውስጥ፥ ሁለተኛው በውጭ በኩል ነው። መልካቸው እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ፥ ውጫዊ ጠርዛቸው ወፍራም፥ ውስጣቸው ስስ ነው። ጠፍጣፋውን የቅልጥም ራስ ጎድጓዳ ያደርጉታል፤ ሸክሙንም በሰፊው ያካፍሉታል። ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። ሰው በደልዳላ መንገድ ሲራመድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከሰውነቱ ክብደት 2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በያንዳንዱ እርምጃ ከ120 እስከ 180 ኪሎ በአንድ ጉልበቱ ይሸከማል ማለት ነው።

እነዚህ ልም አጥንቶች ግን ደም የሚያገኙት በውጭ ጠርዛቸው ብቻ ነው። ስለዚህ በጠርዙ አጠገብ የተቀደደው ሊጠግግ ሲችል፥ በውስጠኛው ክፍል የተቀደደው በራሱ አይድንም ማለት ይቻላል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1883 በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ ቶማስ አናንዴል የተባለ ሐኪም ከቦታው የለቀቀውን ልም አጥንት ሰፍቶ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ይህን ክፍል እንደማይጠቅም ትርፍ ነገር እየቈጠሩ፥ በተቀደደ ጊዜ ፈጽመው ያወጡት ነበር። በ1948 ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ልም አጥንታቸው የወጣላቸውን ሰዎች ራጅ መርምሮ፥ መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ መልኩን እንደሚለውጥ አስታወቀ። ዛሬ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ሊያድኑት ይጥራሉ እንጂ ለማውጣት አይቸኩሉም። ፈጣሪ ያለ ሥራ ያኖረው አካል የለምና፥ ጥቅሙን ያላወቅነውን ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይገባንም።

ሁለተኛዎቹ ጠባቂዎች ጅማቶች ናቸው። ዋናዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይከፈት ይይዛሉ። ሁለቱ በመገጣጠሚያው መካከል በመስቀል አምሳል ስለሚተላለፉ የመስቀል ጅማቶች ይባላሉ። ፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይሾልክና ያለ መጠን እንዳይዞር፥ ኋለኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይከለክላሉ። የተማሪያችን የተበጠሰው ፊተኛው ነው። ይህ ጅማት ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በሌላ ሰው ምት ሳይሆን፥ ሰው እየሮጠ በድንገት ሲቆም፥ ሲዞር ወይም ከዝላይ ሲያርፍ ነው። በውስጥ ጎን ያለው ጅማት ቢጎዳ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ፊተኛው የመስቀል ጅማት ግን ፈጽሞ ከተበጠሰ በኋላ ጫፎቹ በራሳቸው ተገናኝተው የሚጠግጉት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በ1895 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሜዮ ሮብሰን የተባለ ሐኪም የአንድ የማዕድን ሠራተኛን የመስቀል ጅማቶች ሰፍቶ ነበር። በዛሬው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከሕመምተኛው ከራሱ ቋንጃ ወይም ከሎሚው በታች ካለው ጅማት ቈርጦ በተበጠሰው ቦታ መተካት ነው።

ሦስተኛው ጠባቂ ጡንቻ ነው። በጭን ፊት ያለው ታላቁ ጡንቻ አራት ራሶች አሉት፤ አራቱም በአንድ ጅማት ተባብረው ሎሚውን ይዘው ቅልጥም ላይ ይተከላሉ። ሎሚውም ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ፈቀቅ ስለሚያደርገው፥ ጡንቻው በጥቂት ድካም ብዙ ኀይል እንዲያወጣ ይረዳዋል። ከኋላ ያሉት የቋንጃ ጡንቻዎች ደግሞ ቅልጥሙን ወደ ኋላ እየሳቡ የፊተኛውን የመስቀል ጅማት ያግዙታል።

እንግዲህ ጉልበት ድንኳንን ይመስላል። የድንኳን ምሰሶ ብቻውን አይቆምም፤ አውታሮቹ ከየአቅጣጫው ሲስቡት ይጸናል እንጂ። አንዱ አውታር ቢበጠስ ድንኳኑ ወዲያው ላይወድቅ ይችላል፤ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን ይታወቃል። ተማሪያችንም በደልዳላ መንገድ ይሄድ የነበረው በቀሩት አውታሮች ነበር፤ ነፋሱ የመጣው በኳስ ሜዳ ነው።

አንድ ድንቅ ነገር እንጨምር። ቆመን ጉልበታችንን ሙሉ በሙሉ ስንዘረጋ፥ በመጨረሻው ላይ የጭን አጥንት በቅልጥም ላይ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዞርና ጅማቶቹ ተወጥረው መገጣጠሚያው እንደ መቈለፍ ይላል። ስለዚህ የጭን ጡንቻ ብዙ ሳይደክም ረጅም ጊዜ መቆም ይቻላል። በማሕሌትና በቅዳሴ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ አባቶችና እናቶች ከመቋሚያው ጋራ ይህም ይረዳቸዋል። ለመቀመጥ ወይም ለመስገድ ስንፈልግ ከጉልበት በስተኋላ ያለች አንዲት ትንሽ ጡንቻ ቍልፉን ትከፍተዋለች።

ከእነዚህ ጠባቂዎች ሁሉ በእጃችን ያለው የትኛው ነው? አጥንታችንን መለወጥ አንችልም፤ ልም አጥንቱንና ጅማቱን ከጉዳት መጠበቅ እንጂ እንደ ልብ ማበርታት አይቻለንም። ጡንቻን ግን ሽማግሌም ቢሆን ሊያበረታው ይችላል። ጉልበት ባበጠና በታመመ ጊዜ የጭን ጡንቻ ፈጥኖ ይሟሽሻል፤ እብጠቱ ጠፋ ማለትም ጡንቻው ተመለሰ ማለት አይደለም። እኛ ልጁን ወደ ጨዋታ የመለስነው ይህን ሳናውቅ ነው።

ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ጉልበቱ ተጠምዝዞ የወደቀ ሰው ተነሥቶ እንዲራመድ አይገደድ። ይረፍ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በየጊዜው ይደረግለት፤ እግሩም ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች አይታሽ፥ አይጎተት። ይህን የምንለው ወጌሻን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ የተበጠሰ ጅማት በመጎተት ስለማይቀጠል ነው።

ሦስተኛ፥ ሲወድቅ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፥ እግሩን መርገጥ ካቃተው፥ ጉልበቱ አልዘረጋ ካለ ወይም ቈይቶ የሚከዳው ከሆነ ለሐኪም ይታይ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይምና፥ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ነገሩ አይተው። ጉልበቱ ከቅርጹ ከወጣ፥ ወይም እግሩ ከገረጣ፥ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፥ ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው ታላቅ የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሰዓት እንኳ አይጠበቅ። ጉልበት ያለ አደጋም ቢሆን ቢያብጥና ቢግል፥ ሰውየውም ትኵሳት ቢይዘው፥ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

አራተኛ፥ አደጋ ያልደረሰበትም ጡንቻውን ያበርታ። እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ፥ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት በታች አድርጎ፥ ፎጣውን በጉልበት ወደ ታች እየተጫኑ 5 ሴኮንድ መቈየት፥ ይህንም 10 ጊዜ መድገም ለአረጋውያን ይስማማል። የተቻለውም ከወንበር በእጁ ሳይደገፍ ቀስ ብሎ ይነሣ፥ ቀስ ብሎም ይቀመጥ።

ስለ ስግደትም የሚጠይቁን እናቶች አሉ። በሰሙነ ሕማማት አብዝቶ ለሚሰግድ ሰው ወፍራም ምንጣፍ ይረዳዋል፤ ከሎሚው ፊት ያለችው ውሃ ያዘለች ትንሽ ከረጢት በጠንካራ መሬት ላይ ብዙ ሲንበረከኩ ታብጣለችና። በዓመት አንድ ጊዜ በድንገት ከማብዛትም አስቀድሞ ጉልበትን ጥቂት በጥቂት ማልመድ ይሻላል። ጉልበቱ የታመመ ግን ተደብቆ አይሠቃይ፤ ለንስሓ አባቱ ይንገርና እንደ ዐቅሙ የሚሆነውን ይቀበል። ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ልጆቿ ትራራለች።

ተማሪያችን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፥ ከዚያም በኋላ ለዘጠኝ ወር ያህል ጡንቻውን በየቀኑ እያሠራ ቈየ። ዛሬ ያለ ምርኵዝ ይሄዳል፤ ደረጃም ሲወርድ ጉልበቱ አይከዳውም። ኳስ ግን ትቶአል። አንድ ቀን ይቅርታ ብንጠይቀው፥ «መምህር፥ እርስዎም አላወቁም፤ እኔም አልተናገርሁም» አለን። አነጋገሩ የጨዋ ልጅ ነው፤ ዕዳው ግን በእኛ ላይ ነው። እንግዲህ እናንተ ወላጆች፥ ልጃችሁ ወድቆ ሲነሣ «አጥንቱ ደኅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ «ጉልበትህ ይከዳሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኛ ያልጠየቅነው ይህን አንድ ጥያቄ ነበር።