በዱቤ የተሸጠ እህል ዋጋው ሳይከፈል ሲቀር ሕጉ ምን ይላል?

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዳር ባሉ ገበያዎች እህል በዱቤ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። መተማመኛው ብዙ ጊዜ ቃል ብቻ ነው። ለመሆኑ አንድ የብቸና አካባቢ አርሶ አደር ለሞጣ ነጋዴ በዱቤ ያስረከበው 20 ኩንታል ጤፍ ዋጋ በቀጠሮው ቀን ባይከፈለው ምን ማድረግ ይችላል?

በቅድሚያ ዕዳው የሽያጭ ነው ወይስ የብድር የሚለው መለየት አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእህል ሽያጭ በጽሑፍ እንዲደረግ አያስገድድም፤ ስለዚህ ጤፉ ሲመዘንና ሲጫን ያዩ ሰዎች ሊመሰክሩ ይችላሉ። ብድር ግን ሌላ ነው። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይገዛም። እንግዲህ ያልተከፈለውን የጤፍ ዋጋ "ያበደርሁት ገንዘብ" ብሎ ክስ የሚያጽፍ ሰው የራሱን ምስክሮች ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። የብድር መመለስም የሚረጋገጠው በዚሁ መንገድ በመሆኑ፣ ተበዳሪው ሲከፍል ደረሰኝ ሊቀበል ይገባል።

ባለዕዳው ቀነ ቀጠሮውን ካሳለፈ ሻጩ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ቢሆንና ግልባጩ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ውሉ ሌላ ካላለ በዓመት 9 በመቶ የሆነው ሕጋዊ ወለድ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነውና።

ክሱን ለማቅረብ የግድ ሞጣ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ ከሚኖርበት ቦታ በተጨማሪ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም መክሰስን ይፈቅዳል። ጤፉ የተሸጠው ብቸና ላይ ከሆነ የእነማይ ወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሊያይ ይችላል።

የዕዳው መጠን ቁርጥ ሆኖ የሚታወቅ ከሆነ ከሳሹ በአንቀጽ 284 መሠረት ጉዳዩ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ አካሄድ ተከሳሹ በቂ መከላከያ እንዳለው አሳይቶ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ካላገኘ ሊከራከር አይችልም። ነገሩ በመካከል በሽማግሌ ካለቀ ደግሞ ስምምነቱን በፍርድ ቤቱ መዝገብ ማስመዝገብ ይበጃል፤ የተመዘገበ እርቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ተከሳሹ ተፈርዶበትም ካልከፈለ ባለመብቱ የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል። ያኔ የባለዕዳው ንብረት ተከብሮ ሊሸጥ ይችላል፤ የሚተዳደርበት የሥራ መሣሪያና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገው ቀለብ ግን አይነካም።