ያውቁ ኖሯል? የዋዜማው ማራቶን፣ የተሳተው ዙርና በዋጃ በኩል የሚያልፈው መንገድ

ያውቁ ኖሯል? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በየመጽሐፉ የምናነበው የፈረንጆቹ ቀን፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ ነገሩን ሸፍኖት ቆየ እንጂ በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ሩጫው ሙቀቱን ሽሽት አመሻሽ ላይ ስለተጀመረ፣ አበበ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲገባ በአገራችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። በየደጁ ችቦ የተለኮሰበት ምሽት መሆኑ ነው። ሮም ላይ ደግሞ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። አንድ ደራሲ ይህን በልብ ወለድ ቢጽፈው «አበዛኸው» ይባል ነበር።

ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ሲሆን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። ይኸ ሰው አብዛኛውን መንገድ ከአበበ ጎን ሳይለይ ሮጦ በመጨረሻ በ25 ሰከንድ ተቀደመ። በዚያ ውድድር ሰባተኛ ሆኖ የገባውም ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስሙም አበበ ነው። አበበ ዋቅጅራን ግን ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ያውቁ ኖሯል? ልክ በ12 ዓመቱ፣ በዚያው በጳጉሜን 5፣ ሌላ ኢትዮጵያዊ የኦሊምፒክ ማራቶን ሜዳሊያ አገኘ። ማሞ ወልዴ ሙኒክ ላይ ነሐስ የወሰደው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው 40 ደርሶ ነበር። ሁለት ዋዜማ፣ ሁለት ሜዳሊያ!

ያውቁ ኖሯል? አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. እንደሆነ ተመዝግቧል። በዚያ ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ያሸነፈውም አርጀንቲናዊው ኹዋን ካርሎስ ዛባላ ነው። ከዚያ በትክክል 60 ዓመት ቆጥረው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ላይ ይቁሙ፤ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ያገኟታል። የፍልሰታ ጾም የተያዘበት ቀን ነው።

ለወሎ ሰው ደግሞ አንድ ልጨምር። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ማራቶን ያሸነፈው መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። መስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ ዓመታዊ በዓል መሆኑ ወደዚያ ወጥቶ ለሚያውቅ አይነገርም። ከማሞ የሜክሲኮ ድል በኋላ ኢትዮጵያዊ ወንድ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘው ያኔ ነው፤ 32 ዓመት ተጠብቋል። ገዛኸኝ በዓመቱ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮንነቱንም ደረበበት።

እንግዲህ የስፖርት ታሪካችንን በባዕድ ቀን ስናነበው ስንት ነገር እንደሚያመልጠን ይመልከቱ። እኔ በበኩሌ ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ከመለስኩ ወዲህ እነዚህ ሰዎች የጎረቤት ያህል ቀርበውኛል።

ያውቁ ኖሯል? የሮሙ ማራቶን ጎዳና በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሐውልቱ በ1937 (እ.ኤ.አ.) በፋሺስቶች ተወስዶ እዚያ ቆሞ ነበር። የአበበ ማፈትለክም የተነሣው ወደዚያው አካባቢ፣ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ነው። ሐውልቱ አገሩ ለመግባት እስከ 1997 ዓ.ም. ቆየ። የመጣውም በአውሮፕላን ተጭኖ በቀጥታ አክሱም ነው፤ በአላማጣና በቆቦ መካከል ባለችው ከተማችን በዋጃ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ቆመን እንሸኘው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ዋጃን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት የሁለት ታላላቅ ሯጮችን የትውልድ አገር ያገናኛል። ወደ ደቡብ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በደሴ አድርገው ሲዘልቁ ከአዲስ አበባ በፊት ደብረ ብርሃን አለች፤ አበበ የተወለደባት ጃቶ ያለችው በዚያ አካባቢ ነው። ወደ ሰሜን በአላማጣ፣ በማይጨው፣ በመቀሌ ሲሄዱ ደግሞ አዲግራት ይደርሳሉ። ይህ የምሩጽ ይፍጠር አገር ነው።

ምሩጽ «ማርሽ ቀያሪው» መባሉን የማያውቅ የለም። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣውን የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ በጭነት መኪና የወጣ ሰው ከማንም በላይ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲለውጥ ይዘገያል፤ ምሩጽ ሲለውጥ የቀሩት የቆሙ ይመስላሉ። ሞስኮ ላይ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. 10,000 ሜትርን፣ ሐምሌ 25 ደግሞ 5,000 ሜትርን ያሸነፈው በዚህ ስልት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ይኸው ሰው አንድ ጊዜ ማርሹን አንድ ዙር ቀድሞ ቀይሮ ጉድ ሆኗል። ሐምሌ 1963 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካዋ ዳርሃም ከተማ አሜሪካና አፍሪካ ይወዳደራሉ። በ5,000 ሜትር ምሩጽ ከአሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር ተናንቆ ሲሮጥ ቆየና ድንገት ተወረወረ። መስመሩን አለፈ፤ ቆመ። ለካ አንድ ዙር ይቀራል! ፕሪፎንቴን መንገዱን ቀጥሎ አሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ አገሩ ይገባ ነበር። ምሩጽ ግን በማግስቱ 10,000 ሜትር ወጣና ፍራንክ ሾርተርን ቀደመው። ሾርተር ማለት በዓመቱ በሙኒክ ማራቶን ማሞን አስከትሎ ወርቅ የወሰደው ነው።

የዙር ነገር ከተነሣ ማድሪድን መዝለል አይቻልም። መጋቢት 1973 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ትሳተፋለች። ልጆቹ ከፊት ተሰልፈው ሲመሩ ሳሉ የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አፈሰሱና አቆሙ። አንድ ዙር ይቀር ነበር። ሌሎቹ አለፏቸው። ከዚያ የሆነውን ነው እኔ የምወደው፤ እንደገና ተነሥተው ሮጡ። መሐመድ ከድር አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ብቻ ቀድሞት ሁለተኛ ገባ፤ የቡድኑንም ዋንጫ ኢትዮጵያ ወሰደች። ተሳስተውም አሸነፉ ማለት ነው። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ ከድር በግል አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቀለ ደበሌ። የቡድኑ ዋንጫ እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) አምስት ዓመት በተከታታይ ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም።

ያውቁ ኖሯል? ከ1976 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ከተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ የሮጠችው በአንዱ ብቻ ነው። ሞንትሪያልን ከአፍሪካ አገሮች ጋር፣ ሎስ አንጀለስን ከሶሻሊስት ወዳጆቿ ጋር፣ ሴኡልን ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ አልተሳተፈችም። ይህ ለመንግሥታት አቋም ነው፤ ለሯጭ ግን ዕድሜ ነው። ምሩጽ በሞንትሪያል ቢሮጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መከራከር አሁንም የሚያመሽ ጨዋታ ነው። በዓለም ዋንጫ በ1977 ዱስልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል (እ.ኤ.አ.) 5,000ውንም 10,000ውንም ጠራርጎ መውሰዱ የእኔን ግምት ይደግፍልኛል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የበላይነህ ዴንሳሞ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2፡06፡50 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ17 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው ጎረቤታችን ጅቡቲያዊው አህመድ ሳላህ ነበር። አምስት ወር ተኩል ቆይቶ የሴኡል ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ በላይነህ የለም፤ አህመድ ሳላህ አለ፤ ነሐስም ወሰደ። የበላይነህ ክብረ ወሰን ግን ከአሥር ዓመት በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። ስሙ ከእነ አበበ ጎን ሳይጠራ የሚቀረው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስለሌለው ከሆነ ፍርዳችን ትክክል አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የጀመረችው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ላይ ሲሆን ሴት የላከችው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። በሞስኮው ቡድን ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ፋንታዬ ሲራክና አምሳለ ወልደ ገብርኤል። ሜዳሊያ አላመጡም። ከእነሱ በኋላ ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት የመጀመሪያ ኦሊምፒክ ግን ደራርቱ ወርቅ ወሰደች፤ በቀጣዩ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ቦስተንንም ሦስት ዓመት አከታትላ አሸንፋለች።

ያውቁ ኖሯል? ማሞ ወልዴ ኦሊምፒክን የጀመረው በ800ና በ1,500 ሜትር ሯጭነት ነው። ሜልቦርን ላይ በዱላ ቅብብልም ሮጧል። ያ ሰው በ12 ዓመቱ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በሳምንቱ ደግሞ በማራቶን ወርቅ ወሰደ። አበበ በጉዳት ያቋረጠው ውድድር ነበር። የማሞ መጨረሻ ከባድ ነው፤ በደርግ ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተከሶ፣ አላደረግሁም እያለ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበትና የታሰረው ታስቦለት ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። የተቀበረው አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአበበ አጠገብ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ታላላቆቹን ሯጮች ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው አንድ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የበቆጂው ሥንታየሁ እሸቱ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ዋጃ ከ1,500 ብዙም አትዘልም። «ታዲያ እኛ ቆለኞቹ ምን እናድርግ?» ለሚሉ አንድ ነገር አለኝ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት ለሯጭ የሚበጀው 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ 1,250 ሜትር ላይ ፈጣን ልምምድ መሥራት ነው ብሏል። ከፍታው ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ቀይ ሴል ያበዛል፤ ዝቅታው ደግሞ እግር በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ኮረም 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ወርደው ከአላማጣ እስከ ቆቦ ሜዳው የተዘረጋ ነው። የሁለቱን ያህል የሚቀራረብ ደጋና ቆላ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ እስካሁን የሥልጠና ካምፕ ይተከልበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ያውቁ ኖሯል? አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ከደረሰበት የመኪና አደጋ በኋላ እግሮቹ ባይታዘዙትም መወዳደር አልተወም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳትፏል። ኖርዌይ ላይ ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸንፏል። የጃቶ ልጅ፣ በበረዶ! ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ 41 ዓመቱ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በሮም አቅራቢያ ላዲስፖሊ በምትባል ከተማ በአበበ ስም የተሰየመ የእግረኛ ድልድይ አለ። በ2002 ዓ.ም. መጋቢት የድሉ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን እየመራ ሳለ ከፍጻሜው ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር ቆሞ ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ገባ። ለዚህም 5,000 ዩሮ ተጨማሪ ሽልማት አገኘ።

ጫማ ካነሣን አይቀር፣ አበበ ጫማ ጠል አልነበረም። ሮም ላይ ያወለቀው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ሲሮጥ የኦኒትሱካ ኩባንያ መሥራች ለምኖ ጫማ አስደርጎታል። በቶኪዮ ኦሊምፒክም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በጫማ ሮጦ አሸነፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቪብራም የተባለ ኩባንያ ጣት ጣት ያለው ስስ ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ሰየመው። በባዶ እግር የመሮጥ ስሜት ይሰጣል ተብሎ ይሸጥ የነበረ ጫማ ነው። ቤተሰቡ በ2015 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በዓመቱ ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ስለ ጫማው ከ2011 ጀምሮ እያወቀ ዘግይቶ ከስሷል የሚል ነበር።