የብራምሌይ አፕል ባህርያትና የእናት ዛፉ ዕጣ

በዓለም ላይ የሚገኙ የብራምሌይ ዝርያ የአፕል ዛፎች በሙሉ ምንጫቸው በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር፣ ሳውዝዌል በተሰኘች አነስተኛ ከተማ በአንድ ጓሮ የበቀለ ዛፍ ነው። ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1809 ከዘር ያበቀለችው ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ወጣት ነበረች። ይሁን እንጂ በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ ወጣት ችግኝ አፍይ ከዛፉ ቀንበጥ ለመውሰድ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በ1846 ቤቱን የገዛው ሥጋ ሻጭ ማቲው ብራምሌይ የተስማማው ፍሬው በእርሱ ስም እንዲጠራ በማስገደድ ነበር። የተከለችው ተረስታ የገዛው ስም መቅረቱ ትዝብት ላይ የሚጥል ነው።

ብራምሌይ በዋናነት ለማብሰያነት የሚውል አፕል ነው። ፍሬው ትልቅና ጠፍጠፍ ያለ፣ ልጣጩም አረንጓዴ ሲሆን፣ የአሲድ መጠኑ ከፍተኛ፣ ስኳሩ ግን አነስተኛ በመሆኑ ጥሬውን ለሚገምጠው ጥርስ ያጠርሳል። ሲበስል ግን ይፈርስና እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፤ ስኳር ቢጨመርበትም ጣዕሙ አይጠፋም።

የዝርያው ሌላው ባህርይ በአትክልተኛው ላይ ኪሣራ ሊያስከትል የሚችል ነው። አብዛኞቹ አፕሎች 34 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ብራምሌይ 51 ስላለው፣ የአበባው ብናኝ ሌሎችን ለማዳቀል እምብዛም አያገለግልም። በመሆኑም ብራምሌይንና አንድ ሌላ ዝርያ ብቻ የተከለ ሰው፣ ብራምሌዩ ሲያፈራለት ሌላው ባዶውን ሊቀርበት ይችላል። ሁሉም እንዲያፈሩ በተመሳሳይ ወቅት የሚያብቡ ሌሎች ሁለት ዝርያዎች በአቅራቢያው መኖር ይገባቸዋል።

የአፕል ዘር ቢዘራ የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ስለሆነም ዝርያው የሚባዛው ቀንበጡን ቆርጦ በሌላ የአፕል ሥር ላይ በማጣበቅ፣ ማለትም በአገራችንም በጨንቻ በሚሠራበት «ግራፍቲንግ» በተባለው ዘዴ ነው።

እናት ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1900 በማዕበል ከወደቀ በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ ቢሆንም፣ ከጊዜ በኋላ ሥርን የሚያበሰብስና መድኃኒት የሌለው የፈንገስ በሽታ ይዞታል። ቀንበጦቹ በየአገሩ ስለሚገኙ የዛፉ መሞት ዝርያውን አያጠፋም። ያም ሆኖ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በቲሹ ካልቸር ዘዴ ከእናት ዛፉ ችግኞችን አባዝተዋል። እነዚህ ችግኞች የቆሙት እንደሌሎቹ በተውሶ ሥር ሳይሆን ሜሪ አን እንደተከለችው ሁሉ በገዛ ሥራቸው ነው።