ሩቁን ማቅረብ ወይስ ጨለማውን ማየት? የካሜራ ምርጫ ከብርሃን ሳይንስ አንጻር

ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ያስቀድማል። የመጀመሪያው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ዙሙ ስንት ነው?» የሚል ነው። አምራቾችም ይህንኑ ስለሚያውቁ ሁለቱን ቁጥሮች በካርቶኑ ላይ በትልልቁ ያትሟቸዋል። ይሁን እንጂ የፎቶግራፍን ጥራት በዋናነት የሚወስነው ከሁለቱ አንዱም አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሱፐርዙም የሚባለውን ትንሽ ካሜራና ለጀማሪዎች የተሠራውን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በማነጻጸር፣ ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለቅንጦት የሚነሣ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ደምበጫን እንውሰድ። በዚህች ከተማ አንድ ወጣት የሠርግ ፎቶግራፍ በማንሣት ሊተዳደር ይፈልግ ይሆናል፤ አንድ የትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብም የአካባቢውን አዕዋፍ በፎቶግራፍ ለመመዝገብ ሊያስብ ይችላል። ሁለቱም ያላቸው ገንዘብ አንድ ካሜራ ብቻ የሚገዛ ነው እንበል። የማይሆናቸውን ቢገዙ የወጣቱ ሥራ ሳይጀመር ይሰናከላል፣ የክበቡም መዋጮ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጥቂት ስሌት መሥራት ይገባል።

ሁለቱ ካሜራዎች በምን ይለያያሉ?

ሱፐርዙም ካሜራ ከአካሉ የማይነቀል አንድ ሌንስ ያለው ሲሆን፣ ይኸው ሌንስ ከሰፊ እይታ እስከ እጅግ ሩቅ ድረስ ያገለግላል። ለምሳሌ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበው ኩልፒክስ ፒ 900 የተባለው ካሜራ 83 ጊዜ ዙም አለው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «83 ጊዜ» የሚለው ቁጥር ንጽጽር ብቻ መሆኑን ነው። የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርቀት 357 ሚሊ ሜትር፣ አጭሩ ደግሞ 4.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 83 እናገኛለን።

ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በበኩሉ ሌንሱ የሚነቀልና የሚለወጥ ካሜራ ነው። በውስጡ ያለው መስታወት በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ መመልከቻው ያንጸባርቃል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ሴንሰር በተባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። ይህ ዓይነቱ ካሜራ ለብዙ ዓመታት የባለሙያዎች ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን ኢ.ኦ.ኤስ. 300 ዲ የተባለውን ከ1000 የአሜሪካ ዶላር በታች ሲያቀርብ ለጀማሪዎችም በር ተከፈተ። ከጀማሪ ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሠራ፣ ማለትም 3 ጊዜ ዙም ብቻ ያለው ነው።

ሌላው ልዩነት የሴንሰሩ ስፋት ነው። የሱፐርዙሙ ሴንሰር በግምት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአንዲት የባቄላ ፍሬ አይበልጥም። የኒኮን ጀማሪ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በስፋት ሲነጻጸሩ ሁለተኛው የመጀመሪያውን 13 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። አምራቾች ሌንሱን ሳያገዝፉ ያን ሁሉ ዙም ሊያስገኙ የቻሉትም ሴንሰሩን በማሳነሳቸው ነው።

የብርሃን በር

የዐይናችን ብሌን በደማቅ ፀሐይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ በጨለማ ደግሞ በወጣቶች ዘንድ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ካሜራም እንዲሁ ብርሃን የሚገባበት በር አለው። የበሩን ስፋት ለማወቅ የሌንሱን የትኩረት ርቀት በሌንሱ አፍ ዙሪያ ለተጻፈው የብርሃን ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ በሌንሱ ላይ «1:3.5–5.6» ተብሎ ከተጻፈ፣ 3.5 ለአጭሩ፣ 5.6 ለረጅሙ የትኩረት ርቀት ያገለግላል።

የበሩ ስፋት ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ የሚደርስ ስለሆነ ነው። በካፊያ ጊዜ በግቢ ውስጥ ኩባያዎችን ብንደረድር፣ በሁሉም ውስጥ እኩል የዝናብ ጠብታ አይገባም። የሚጠበቀው 100 ጠብታ ከሆነ የተለመደው መዛባት የ100 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 10 ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 10 እጅ ነው። በሰፊ ገንዳዎች 10,000 ጠብታ ቢጠበቅ ግን መዛባቱ 100 ብቻ ስለሚሆን ከመቶ 1 እጅ ነው። በጨለማ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የምናየው አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ በአብዛኛው የዚህ መዛባት ውጤት ነው። ስለሆነም ከተነሺው ነገር ብዙ ፎቶን የሚሰበስብ ሰፊ በር ንጹሕ ምስል ይሰጣል። አሁን ይህን ሕግ ይዘን ወደ ሁለቱ ገዢዎቻችን እንሂድ።

ርግቧ በ50 ሜትር ርቀት

በመጀመሪያ የባዮሎጂ ክበቡን እንመልከት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የምትገኝ፣ በአንገቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ርግብ አለች። ርዝመቷን 30 ሴንቲ ሜትር አድርገን፣ ከካሜራው 50 ሜትር ርቃ በዛፍ ላይ አርፋለች እንበል። 24 ሜጋፒክስል ያለው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. አብሮት በመጣው ሌንስ በ55 ሚሊ ሜትር ሲያነሣት፣ ምስሏ በሴንሰሩ ላይ 0.33 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 84 ፒክስል ብቻ ነው። ወፍ መሆኗ ይታወቃል፤ ዓይነቷን ለመለየት ግን ያስቸግራል።

ፒ 900 በ357 ሚሊ ሜትር ሲያነሣት ርግቧ ወደ 1600 ፒክስል ትሸፍናለች። የብርሃን ቁጥሩ 6.5 ስለሆነ በሩ 55 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የዲ.ኤስ.ኤል.አሩ በር በዚህ ጊዜ 55 ለ5.6 ሲካፈል 9.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስፋት ካሬ መጠን ስለሆነ፣ ትንሹ ካሜራ ከርግቧ 31 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። «ትልቅ ካሜራ ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለው አባባል በዚህ ቦታ ይፈርሳል።

ሆኖም 1600 ፒክስል የተባለው ሁሉ እውነተኛ ዝርዝር አይደለም። ብርሃን በማንኛውም ቀዳዳ ሲያልፍ ዲፍራክሽን በሚባለው የሞገድ ባሕርይ ምክንያት ይበተናል። በዚህም የተነሣ ነጥብ የነበረው ነገር በሴንሰሩ ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። በብርሃን ቁጥር 6.5 የክቡ ስፋት 8.7 ማይክሮ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የፒ 900 አንድ ፒክስል ግን 1.34 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ከስድስት በላይ ፒክስሎችን ጎን ለጎን ያዳርሳል፤ በርግቧ ላይ ለይተን የምናያቸው ነጥቦችም በግምት ወደ 490 ዝቅ ይላሉ። በእንዲህ ያለ ካሜራ ላይ ሜጋፒክስሉን እጥፍ ማድረግ የፋይሉን ክብደት እንጂ ዝርዝሩን አይጨምርም።

ለዲ.ኤስ.ኤል.አሩ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ተጨማሪ ሌንስ ቢገዛለት ርግቧ 380 ፒክስል ያህል ትሸፍናለች፤ በሩም ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ልዩነቱ በእጅጉ ይጠባል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሌንስ ሁለተኛ ወጪ ነው። ለአንድ ጊዜ ግዢ ብቻ አቅም ላለው ክበብ፣ በቀን ብርሃን ለሚነሡና ብዙ ለማይንቀሳቀሱ አዕዋፍ ሱፐርዙም የተሻለ ነው። ፎቶግራፉን በማለዳ ማንሣትም ይመከራል፤ እኩለ ቀን ላይ ከጋለ እርሻ የሚነሣው አየር ሲርገበገብ የሩቁን ምስል ያዛባዋልና።

በዳስ ውስጥና በመቅደስ ግድግዳ ፊት

ሁለተኛው ገዢ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺው ነው። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ፣ ከሥራው አብዛኛው የሚከናወነው በዳስ ውስጥ፣ በምሽትና በጥቂት አምፖሎች ብርሃን ነው። እዚህ ሙሽሮቹ ቅርብ ናቸው፤ የጠፋው ብርሃኑ ነው። ፒ 900 በሰፊ እይታው የትኩረት ርቀቱ 4.3 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቁጥሩም 2.8 ስለሆነ በሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ በጠራራ ፀሐይ ከጠበበ የሰው ብሌን እንኳ ያንሳል! የዲ.ኤስ.ኤል.አሩ ሌንስ በ18 ሚሊ ሜትር በሩ 5.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በእኩል ጊዜ 11 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። የነጠብጣቡ መዛባትም ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል።

ዲ.ኤስ.ኤል.አሩ ሌላም መንገድ አለው። ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ 50 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቁጥሩ 1.8 የሆነው ሌንስ ነው። በሩ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ አብሮ የመጣው ሌንስ ለተመሳሳይ እይታ ከሚሰጠው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በፒ 900 ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም።

ይኸው ሕግ ቅርስ ለሚመዘግቡ ተማሪዎችም ይሠራል። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ በዘጌ በሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲሆን ብርሃን የሚያገኙት በበሮችና በመስኮቶች በኩል ነው። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ፣ ያለ ፍላሽና በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ማንሣት ተገቢ ነው። ሥዕል ስለማይንቀሳቀስ በሩ ጠባብ የሆነ ካሜራም ጊዜ በማራዘም ብርሃኑን ሊያካክስ ይችላል። የሚጨፍር ሚዜ ግን እንዲህ አይጠብቅም።

የሚጋልብ ፈረስ

እንቅስቃሴ ሌላው ፈተና ነው። ከቡሬ አልፎ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል እናስብ። በሴኮንድ 12 ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በ1/60 ሴኮንድ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ1/1000 ሴኮንድ ግን 1.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ የካሜራው መዝጊያ እጅግ ፈጥኖ መከፈትና መዘጋት አለበት፤ ይህም በቂ ብርሃን የሚያስገባ ሰፊ በር ይጠይቃል። በሱፐርዙም ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የአንሺውን እጅ እንጂ ፈረሱን አያቆምም። በተጨማሪም ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በመስታወቱ አማካይነት የብርሃኑን ከፊል ወደ ልዩ ትኩረት መለኪያ ስለሚልክ፣ የሚንቀሳቀስን ነገር ተከታትሎ በማጥራት ረገድ ይፈጥናል።

መብራት፣ አቧራና ክረምት

በገጠር ለሚሠራ ሰው ባትሪም እንደ ሌንስ ሁሉ መመዘኛ ነው። በአምራቾች መለኪያ መሠረት ፒ 900 በአንድ ሙሌት 360 ያህል ፎቶግራፎችን ሲያነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ 3500 ደግሞ 1550 ያህል ያነሣል። የዚህ ዋና ምክንያት የመስታወት መመልከቻ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሆኑ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሱፐርዙም የገዛ ሰው ትርፍ ባትሪ ሊያስብ ይገባል።

በአቧራ በኩል ደግሞ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ይጎዳል። በበጋ መንገድ ዳር ሌንስ ሲለወጥ አቧራው በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሌንስ መለወጥ ያለበት ነፋስ በሌለበት፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ተደርጎ ነው። በክረምት እርጥበት በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ ሁለቱንም ዓይነቶች በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

ዛሬ ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ትኩረታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ባለተለዋጭ ሌንስ ካሜራዎች ስላዞሩ፣ ጀማሪ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. በአብዛኛው የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ነው። ይህ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ጥንቃቄንም ይጠይቃል። የሌንሱን ውስጥ ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን መመልከት፣ ነጭ ግድግዳ አንሥቶ ጥቁር ነጠብጣብ መፈለግ፣ እንዲሁም መዝጊያው ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ ዲ 3500 ባሉት ካሜራዎች ውስጥ የትኩረት ሞተር ስለሌለ፣ የሚገዛው ሌንስ የራሱ ሞተር ያለው መሆኑንም ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ገዢው ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ይመልስ። የማነሣው ነገር ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? ብርሃን አለው ወይስ የለውም? ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል? ሩቅ፣ ብሩህና የቆመ ከሆነ ሱፐርዙም ይበቃዋል፤ ለክበቡም የሚሻለው ይኸው ነው። ቅርብ፣ ጨለማና ተንቀሳቃሽ ከሆነ ግን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ከ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ጋር ይግዛ፤ የሠርግ አንሺው እንጀራ ያለው እዚያ ነው። ሩቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የረጅሙን ሌንስ ወጪ ከወዲሁ ያስላ። ከዚያም በሱቁ ውስጥ ሌንሱን አዙሮ በአፉ ዙሪያ የተጻፉትን ቁጥሮች ያንብብና አንዱን ለሌላው ያካፍል። በካርቶኑ ላይ በትልልቁ ከታተመው ይልቅ፣ ይህች አጭር ስሌት ስለሚገዛው ካሜራ የበለጠ እውነት ትነግረዋለች።