ስለ ኤችቲኤምኤል ምልክቶች አገባብ

ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የመሠረተው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ይኸውም በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ሲሠራ ነበር። በዚህ ቋንቋ ጸሐፊው የጽሑፉን ክፍሎች በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይለያል፤ አንዱም ክፍል በሌላው ውስጥ ይገባል። የአገባቡ ሥርዓት ሁለት ነው።

መጀመሪያው የቅደም ተከተል ሥርዓት ነው። በሸሚዝ ላይ ካፖርት የደረበ ሰው ሸሚዙን ለማውለቅ አስቀድሞ ካፖርቱን ማውለቅ አለበት። እንደዚሁም በመጨረሻ የተከፈተው ምልክት በመጀመሪያ ይዘጋል። አንቀጽን በሚያመለክተው «ፒ» ውስጥ አጽንዖትን የሚያመለክተው «ኢኤም» ከተከፈተ፣ «ኢኤም» ሳይዘጋ «ፒ»ን መዝጋት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የዝምድና ሥርዓት ነው፤ ይህም ማን በማን ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ይወስናል። ቅደም ተከተሉ ሳይጓደል ዝምድናው ሊጓደል ስለሚችል ይህኛው ስሕተት ለዓይን ይሰወራል። አንድ ተማሪ «ፒ»ን ከፍቶ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ቀጥሎ ዝርዝርን የሚያመለክተውን «ዩኤል» ከፍቶ ይዝጋ፤ በመጨረሻም «ፒ»ን ይዝጋ እንበል። ሲያዩት የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን አንቀጽ በውስጡ ዝርዝርን አይቀበልም። ስለዚህ ብራውዘሩ «ዩኤል»ን እንዳየ «ፒ»ን ራሱ ይዘጋዋል፤ በመጨረሻ የመጣው መዝጊያም የሚዘጋው ስለሚያጣ ብራውዘሩ ባዶ አንቀጽ ይፈጥርለታል።

ገጹ በዓይን ሲታይ ደኅና ከሆነ ምን ይጎዳል? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጉዳቱ ብራውዘሩ የሚያርመው እንደ ጸሐፊው አሳብ ሳይሆን እንደ ራሱ ደንብ መሆኑ ነው። ማያያዣን የሚያመለክተው «ኤ» በሌላ «ኤ» ውስጥ ቢገባ፣ ብራውዘሩ ሁለተኛውን ሲያገኝ የመጀመሪያውን ይዘጋዋል፤ ከሁለተኛው በኋላ የቀሩትም ቃላት ማያያዣነታቸውን ያጣሉ። ዓይነ ስውራን የሚገለገሉበት የንባብ መሣሪያም የሚከተለው ብራውዘሩ የሠራውን የክፍሎች ዛፍ እንጂ የገጹን መልክ አይደለም። ስለዚህ ዛፉ የተዛባ እንደ ሆነ እነርሱ የሚሰሙት ገጽም የተዛባ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል እንደ ኤክስኤምኤል ሲነበብ ጥብቅ ነበር፤ በአንድ የቅደም ተከተል ስሕተት ንባቡ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ግን ስሕተት እንዴት እንደሚታረም በዝርዝር ስለ ደነገገ ብራውዘሮች ሁሉ በዝምታ ያርማሉ። እንግዲህ ብራውዘሩ ዝም አለ ማለት ጽሑፉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ገጹን ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ማኅበር ለሁሉም በነጻ ባቀረበው መመርመሪያ መፈተን ያስፈልጋል። ከላይ ላየነው ምሳሌም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ዩኤል» ከመከፈቱ በፊት «ፒ»ን መዝጋት ይበቃል።