ስም አከራይቶ ማደር፦ ፍራንቻይዝና የምግብ ቤት ኩባንያ ካዝና

የማክዶናልድስ ስም የተሰቀለባቸው ምግብ ቤቶች በዓለም ዙሪያ ከ40 ሺህ በላይ ናቸው። ከመቶ 95 ያህሉን የሚያስተዳድሩት ግን ሌሎች ነጋዴዎች ናቸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ቢባልም፣ ፍራንቻይዝ በሰው ስም ደምቆ መነገድ ነው። ነጋዴው ምድጃውን፣ ወንበሩንና ሠራተኛውን በራሱ ገንዘብ ያሟላል፤ ባለስሙ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ይወስዳል። አዲስ አበባም ይህን በ2010 ዓ.ም. አይታለች፤ ፒዛ ሃት ሲከፈት ስሙ የአሜሪካኖቹ፣ ሥራው የአገር ውስጡ ኩባንያ የበላይአብ ነበር።

ሮያሊቲው የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። ማክዶናልድስ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ 4 በመቶ ሲወስድ ቆይቶ፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ምግብ ቤቶች 5 በመቶ አድርጎታል። የቦታና የሕንፃ ኪራይም ይሰበስባል። የሥጋ ዋጋ ሲንር የሚሳሳው የነጋዴው ትርፍ ነው፤ ሽያጩ እስካልወረደ ድረስ የባለስሙ ድርሻ አይነካም። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈትም አብዛኛው ወጪ የነጋዴው ነው።

ካዝና ውስጥ ያለ ዶላር ለባለአክሲዮኑ ያለው ዋጋ ከኩባንያ ኩባንያ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ቺፖትሌ የተባለው ኩባንያ የአሜሪካ ምግብ ቤቶቹን ራሱ ያስተዳድራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከምግቡ ጋር የተያያዘ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ደንበኞቹን ሲያሸሽበት፣ ደመወዙም ኪራዩም በእሱ ላይ ነበር። ዕዳ አልነበረበትም፤ ያጠራቀመው ገንዘብም ክፉውን ቀን አሻገረው። በፍራንቻይዝ የሚኖር ኩባንያ ግን ብዙ ገንዘብ ሲያከማች ባለአክሲዮኖች ይጠራጠራሉ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ማይክል ጄንሰን በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው፣ ሥራ የፈታ ገንዘብ ሥራ አስኪያጆችን ለማያዋጣ ወጪ ይጋብዛል። ስለዚህ ባለአክሲዮኖቹ «ገንዘቡን መልሱልን» ይላሉ። ማክዶናልድስ ገንዘቡን ለመመለስ ሲል የገዛ አክሲዮኑን መልሶ ከመግዛቱ ብዛት፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የባለአክሲዮኖች ድርሻ ከዜሮ በታች ነው።

ታዲያ አደጋው የት ሄደ? ወደ ነጋዴው ኪስ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ምግብ ቤቶችን ሲዘጋ የነጋዴዎቹ ኪስ በአንድ ጊዜ ሳሳ። ማክዶናልድስ ኪራይና ሮያሊቲ የሚከፈልበትን ጊዜ አራዘመላቸው፤ አክሲዮን መግዛቱን አቆመ፤ ራሱም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተበደረ። ከሚያስፈልገው በላይ የመሰለው ገንዘብ በአንድ ወር ውስጥ ተፈላጊ ሆነ።

ስለዚህ የእንዲህ ያለ ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት ያሰበ ሰው የዋናውን መሥሪያ ቤት ካዝና ብቻ ቆጥሮ አይበቃውም። ነጋዴዎቹ ስንት ወር ያለ ገበያ መቆየት እንደሚችሉም መጠየቅ አለበት።